ከፍጻሜው በኋላ የሚቀረው ዕውቀት፦ ስለ ድኅረ ጥፋት ልብ ወለዶች የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪ፦ የዓለምን ፍጻሜ የሚተርኩ ቀደምት ልብ ወለዶች ዛሬም አንባቢ አላቸው፤ ነገር ግን መነበባቸው ብቻ ፋይዳቸውን አያረጋግጥም። ድኅረ ጥፋት የሚባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዘርፍ፣ ማለትም አብዛኛው የሰው ልጅ በአንድ ታላቅ መዓት ካለቀ በኋላ የተረፉት ጥቂቶች እንዴት እንደሚኖሩ የሚተርከው ድርሰት፣ ሜሪ ሼሊ በ1826 «የመጨረሻው ሰው»ን ካሳተመችበት ጊዜ ጀምሮ (በዚህ ምልልስ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ቀን እየቆረጠ ሲያስፈራራ ኖሯል። ጃክ ለንደን በ1912 በወጣው «ቀዩ መቅሠፍት» ዓለምን የሚጨርሰው ወረርሽኝ በ2013 እንደሚነሣ ጽፏል፤ ኔቪል ሹትም በ1957 ባሳተመው «በባሕሩ ዳርቻ» የኑክሌር ጦርነት ሰሜናዊውን ንፍቀ ክበብ ካጠፋ በኋላ በ1963 ገዳዩ ጨረር ቀስ በቀስ ወደ ሜልበርን ሲወርድ ያሳያል። የተባሉት ዓመታት መጥተው አልፈዋል። የተነገረለት ቀን ያለፈበት መጽሐፍ ከታሪክ ቅርስነት ያለፈ ምን ዋጋ ሊኖረው ይችላል?

አድናቂ፦ ጥያቄው መጽሐፎቹ ትንቢት ናቸው ከሚል ግምት የተነሣ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን ዓመቱን የጠቀሱት ታሪኩ የሚቆምበት መሬት እንዲያገኝ ብለው ነው። በለንደን መጽሐፍ ውስጥ ክብደት ያለው ዓመት 2013 አይደለም፤ 2073 ነው። በዚያ ዓመት፣ ቀድሞ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የነበረ ሽማግሌ ያረጀ የፍየል ቆዳ ለብሶ፣ በጠፋው ዓለም ምን ያህል ሕዝብ ይኖር እንደነበረ ለልጅ ልጆቹ ለማስረዳት ጠጠር፣ ዛጎልና የሟች ጥርስ እየደረደረ ሲቸገር ይታያል። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ማደን፣ ፍየል መጠበቅና ከድብ መሸሽ ያውቃሉ፤ ሚሊዮን የሚባለውን ቁጥር ግን የሚጠይቅ ኑሮ አልገጠማቸውም። የዘርፉ ምርጥ ሥራዎች ዛሬም የሚያስጨንቁት በዚህ ነው። ጥፋቱ መቼ ይመጣል ብለው አይጠይቁም፤ አንድ ትውልድ የሚያውቀው ነገር ወደ ሚቀጥለው ትውልድ የሚሻገረው በምን ጥንካሬ ነው፣ የሚበጠሰውስ የት ላይ ነው ብለው ነው የሚጠይቁት።

ተጠራጣሪ፦ ዕውቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ለመመርመር የሰውን ዘር መፍጀት ለምን ያስፈልጋል? የትምህርትን ታሪክ የሚያጠና ምሁር ያንኑ ጥያቄ ያለ አስከሬን ክምር ሊመልሰው ይችላል።

አድናቂ፦ በከፊል ሊመልሰው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የትምህርት ታሪክ የሚያጠናው ሥራ ላይ ያሉ ተቋማትን ስለሆነ፣ ተቋማቱ በየዕለቱ ሳይታዩ የሚሸከሙትን ጭነት አውርዶ መመዘን አይሆንለትም። ልብ ወለዱ ግን ተሸካሚውን በሐሳብ ያነሣውና ጭነቱ ምን እንደሚሆን ይመለከታል። ጆርጅ ስቱዋርት ርእሱን ከመጽሐፈ መክብብ ወስዶ በ1949 ያሳተመው «ምድር ጸንታ ትኖራለች» በዚህ ረገድ እስካሁን አቻ ያገኘ አይመስልም። ስቱዋርት በበርክሌይ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር፤ ስለ ቦታ ስሞች ታሪክ፣ ስለ አንድ አውሎ ነፋስና ስለ ደን ቃጠሎ መጻሕፍት የጻፈ፣ ተፈጥሮ በራሷ ሕግ እንዴት እንደምትሠራ በትዕግሥት የሚከታተል ጸሐፊ ነበር። ኢሽ የተባለው ዋናው ባለታሪክ ለጥናት ተራራ ላይ ብቻውን ሳለ እባብ ነድፎት ታሞ ይተኛል፤ አገግሞ ሲወርድ ከጥቂቶች በቀር ሰው አልቋል። መብራቱ ግን ገና ይበራል፣ ውኃውም ይወርዳል። መብራቱ እየደበዘዘ ሲጠፋ ሁሉም ያየዋል፤ የቧንቧው ውኃ ግን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል መውረዱን ይቀጥልና አንድ ቀን ይቆማል። ያን ጊዜ ማኅበረሰቡ ውኃው ከየት እንደሚመጣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ሄዶ አለማየቱን ይገነዘባል። በመካከላቸው ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ ቧንቧው ሲከፈት ውኃ ስለወረደ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን ይህ መጽሐፍ ከዘርፉ የተለየ እንጂ የዘርፉ ወኪል አይደለም። አብዛኞቹ ድርሰቶች የሚያስተምሩት ሰው ሕግ ሲጠፋ ወዲያው አውሬ እንደሚሆን ነው። በጆን ክሪስቶፈር የ1956 «የሣር ሞት» ውስጥ፣ ሩዝን ከዚያም ስንዴንና ገብስን የሚገድል ቫይረስ እንግሊዝ ሲደርስ፣ ጨዋ የነበሩ የለንደን ቤተሰቦች በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዳቦ ሲሉ የገጠር ሰው ይገድላሉ። የአደጋ ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም ሕዝብ በመዓት ጊዜ የሚያሳየውን ጠባይ በመስክ የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ፣ ይህን አይደግፍም። በ1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ በኋላ ወደ ዴላዌር የተዛወረው የአደጋ ጥናት ማዕከል ተመራማሪዎች ከመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከጎርፍና ከአውሎ ነፋስ በኋላ ደጋግመው ያገኙት ነገር ቢኖር፣ የጅምላ መደናገጥና ዝርፊያ እንደሚታሰበው ያልበዛ መሆኑን፣ ከፍርስራሽ ሥር ሰው የሚያወጡትም በአብዛኛው ጎረቤቶች መሆናቸውን ነው። ስለዚህ እነዚህ ልብ ወለዶች ስለ ሰው ልጅ ሐሰት ይናገራሉ፤ ሐሰቱም ጉዳት የሌለው አይደለም፤ ምክንያቱም ጎረቤቱን እንደ ወደፊት ገዳዩ የሚያይ ሰው በችግር ቀን በሩን ይዘጋል።

አድናቂ፦ ይህ ተቃውሞ በብዙ መጻሕፍት ላይ በትክክል ያርፋል፤ «የሣር ሞት»ም ከእርሱ አያመልጥም። ሌላም ሊጨመር ይችላል፤ ብራያን አልዲስ «ምቹ ጥፋት» ብሎ የሰየመው የድርሰት ዓይነት አለ፤ በዚያ ውስጥ ዓለም ሲያልቅ ባለታሪኩ ባለቤት አልባ ሆቴልና መኪና ያገኛል፣ ጥፋቱም ለእርሱ እንደ ዕረፍት ይሆንለታል። ነገር ግን ስቱዋርትን ከዚህ የሚለየው ለአደጋ ጥናት ማዕከሉ ግኝት የቀረበ መሆኑ ነው። የእርሱ ሰዎች ከአንድ ከባድ አጋጣሚ በቀር አይገዳደሉም፤ ተረዳድተው፣ ልጅ ወልደው፣ በሰላም ይኖራሉ። አደጋው የሚመጣው ከጠብ ሳይሆን ከምቾት ነው፤ የታሸገ ምግብ በየመደብሩ ስለሞላ ማረስ አያስፈልግም፣ ማረስ ስለማያስፈልግ መማር አያስፈልግም። ኢሽ ትምህርት ቤት ይከፍታል፤ ልጆቹ አክብረውት ይቀመጣሉ፣ ግን የሚነገራቸው ሁሉ አይገባቸውም። ከሁሉም ማንበብ የወደደው ጆይ የተባለው ልጁ ነው፤ እርሱም በታይፎይድ ይሞታል። ከዚያ በኋላ አባትየው ትምህርት ቤቱን ይዘጋና ቀስትና ደጋን መሥራት እንደ ጨዋታ ያስተምራቸዋል። ሽማግሌ ሲሆን ወጣቶቹ የድሮ ሳንቲሞችን ቀጥቅጠው የቀስት ጫፍ ሲያደርጓቸው ያያል። ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የተላለፈው ያ ጨዋታ ነው፤ እጅ ስለለመደውና የዕለቱ ኑሮ ስለፈለገው ተላለፈ።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው መጽሐፉ ስለ ዓለም ሳይሆን ስለ አንድ የካሊፎርኒያ ሰፈር ነው ማለት ነው። ምቾት ዕውቀትን ይገድላል የሚለው ሥጋት የሚያሳስበው በታሸገ ምግብ የሚኖር ኅብረተሰብን ብቻ ነው። ደግሞም በዚያ ሰፈር ውስጥ ቦታ የተሰጠው ለማን እንደሆነ መታየት አለበት፤ መጽሐፍ የሚያነበው፣ የሚያቅደውና ስለ ሥልጣኔ የሚጨነቀው ኢሽ ሲሆን ባለቤቱ ኤም ግን የልጆች እናትና የድፍረት ምንጭ ሆና ትቀራለች።

አድናቂ፦ ስለ ኤም የተባለው እውነት ነው፤ የዘመኑ ወንዶች ሴትን ያዩበት ዓይን በመጽሐፉ ላይ ታትሟል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አብሮ መነሣት አለበት። ኤም ከአፍሪካ ዘር ጭምር የተወለደች መሆኗን ለኢሽ በፍርሃት ስትነግረው፣ እርሱ ያ ሁሉ ክልከላ ከሞተው ዓለም ጋር መሞቱን ይገነዘባል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግ ጋብቻን የሚከለክለውን ሕግ የሻረው በጥቅምት ወር 1948፣ መጽሐፉ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር፤ በብዙ ሌሎች ግዛቶች ክልከላው ገና ጸንቶ ነበር። ጥፋትን መተረክ እዚህ ላይ አንድ ሥራ ሠርቷል፤ የማይነካ የሚመስለውን የኅብረተሰብ አጥር ከነምክንያቱ አፍርሶ፣ አጥሩ የቆመው በተፈጥሮ ሳይሆን በሰው ስምምነት እንደነበረ አሳይቷል።

ተጠራጣሪ፦ ያሳየው በሹክሹክታ ነው፤ ግን ይሁን። ወደ ዋናው ነገር መመለስ ይሻላል። ዕውቀት ተሸካሚ ሲያጣ ይጠፋል የሚለው ሐሳብ ከተነገረ በኋላ ምን ይቀራል? ስቱዋርት መልስ አልሰጠም፤ ወደ ደጋንና ቀስት መመለስን እንደ ዕጣ ተቀበለ።

አድናቂ፦ መልስ ለመስጠት የሞከረው ዋልተር ሚለር ነው። ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሬዲዮ ሠራተኛና ተኳሽ ሆኖ ከሃምሳ በላይ በረራዎች አድርጓል፤ ከእነዚህም አንዱ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረተውን የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በየካቲት 1944 ያፈረሰው ድብደባ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ካቶሊክ ሆነ፤ በ1959 የወጣው «መዝሙር ለሊቦዊትዝ»ም ከዚያ ትዝታ የተወለደ ይመስላል። በመጽሐፉ ከኑክሌር እሳት የተረፈው ሕዝብ ለጥፋቱ ምሁራንን ተጠያቂ አድርጎ የተማሩትን ይገድላል፣ መጻሕፍትንም ያቃጥላል፤ ሊቦዊትዝ የተባለ መሐንዲስ ያቋቋመው የገዳም ማኅበርም የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ትርጉሙ ባይገባውም፣ እየገለበጠ ለዘመናት ይጠብቃል። ፍራንሲስ የተባለ መነኩሴ የሊቦዊትዝን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ንድፍ በወርቅና በሐረግ አስጊጦ ለመገልበጥ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። ወንበዴዎች መንገድ ላይ ሲይዙት ያጌጠውን ቅጂ እውነተኛው መስሏቸው ይወስዱና የተጨማደደውን ዋና ወረቀት ይተዉለታል። ከንቱ የመሰለው ድካም የማይተካውን ነገር አዳነ።

ተጠራጣሪ፦ ሚለር የገዳሙን ሥራ ያሞገሰ ቢመስልም የመጽሐፉ ፍርድ ከዚያ የከፋ ነው። መነኮሳቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የጠበቁት ዕውቀት በሦስተኛው ክፍል ሁለተኛውን የኑክሌር ጦርነት ይወልዳል። ዕውቀትን ያለ ጥበብ ማስተላለፍ ቦምቡንም ማስተላለፍ ከሆነ፣ የእርስዎ መከራከሪያ በራሱ ምሳሌ ይፈርሳል።

አድናቂ፦ አይፈርስም፤ ይከብዳል እንጂ። ሚለር መጠበቅ በቂ ነው አላለም። ነገር ግን ገዳም ያልገባውን ጽሑፍ ለማያውቀው አንባቢ መጠበቁ የደራሲ ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ የኢትዮጵያ አንባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ከቁርጥራጭ በቀር ሲጠፋ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ የምዕራቡ ምሁራን መጽሐፉን በስም እንጂ በአካል አያውቁትም ነበር። ዛሬ የጥንት አይሁድን ሃይማኖታዊ አስተሳሰብ የሚያጠና ምሁር ሁሉ ለእነዚያ ስማቸው ላልታወቀ ቁም ጸሐፊዎች ባለዕዳ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ግን ቁም ጸሐፊዎቹ ሥልጣኔን ለማትረፍ አልጻፉም፤ መጽሐፉ ቅዱስ ስለሆነ፣ ስለሚነበብና ስለሚጸለይበት ጻፉ። በሞንቴ ካሲኖም ቢሆን የገዳሙ ብራናዎች የተረፉት ከድብደባው ወራት በፊት በጭነት መኪና ወደ ሮም ስለተወሰዱ ነው። ዕውቀትን የሚያድነው በሥራ ላይ ያለ ማኅበር፣ መኪናና በጊዜ የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ልብ ወለድ አይደለም።

አድናቂ፦ ልብ ወለዱ ውሳኔውን አይተካም፤ ውሳኔው የሚወሰንበትን ጥያቄ ግን ሰው እንዲያስበው ያደርጋል። የአሜሪካ መንግሥት የኑክሌር ዝቃጭ የሚቀበርበትን ቦታ የዛሬ አሥር ሺህ ዓመት የሚኖር ሰው እንዳይቆፍረው በምን ምልክት ይነገረው ብሎ ባስጠናበት ጊዜ፣ የምልክቶችን ትርጉም የሚያጠናው ምሁር ቶማስ ሲቢዮክ በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን ከትውልድ ወደ ትውልድ በአፈ ታሪክና በሥርዓት የሚያስተላልፍ «የአቶም ክህነት» እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቧል። የሚለርን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የዚህን ሐሳብ ጥንካሬም አደጋውንም ወዲያው ያየዋል፤ ሥርዓቱ ቢተርፍም ትርጉሙ ሊጠፋ እንደሚችል ከመነኩሴው ፍራንሲስ ተምሯልና።

ተጠራጣሪ፦ ይህ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የጠነከረ መልስ ነው። አንድ ተቃውሞ ግን ይቀራል፣ እርሱም ከሌሎቹ ይበልጣል። እነዚህ ጸሐፊዎች ፍጻሜን ወደፊት ያስቀመጡት ለእነርሱ ገና ስላልደረሰ ነው። ኢሽ በሚመላለስበት በካሊፎርኒያ ምድር ያሂ የተባለው ሕዝብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰፋሪዎች ተጨፍጭፎ አልቆ፣ ከእነርሱ የተረፈው ኢሺ በ1911 ከጫካ ወጥቶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሲኖር በ1916 ሞተ። የሁለቱ ስም መመሳሰል ብዙ አንባቢዎችን አስገርሟል። ለያሂዎች ዓለም አልቃለች፣ ያለቀችውም በልብ ወለድ አይደለም። በኢትዮጵያም ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ክፉ ቀን፣ ከምፅዋ የገባው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን እንደ ጨረሰ የሚገመትበት፣ በሬ ጠፍቶ እርሻ የተቋረጠበትና ረኃብ ሕዝቡን የፈጀበት ዘመን ነው። ይህን ያለፈ ሕዝብ ስለ ፍጻሜ ከሹት ወይም ከክሪስቶፈር ምን ይማራል? ምናባዊውን መዓት የሚያነብ አንባቢ እውነተኛውን ሳያውቅ ይቀራል።

አድናቂ፦ በእውነተኛው መዓት ፋንታ ምናባዊውን የሚያነብ ሰው ካለ ተሳስቷል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንዱ ሌላውን ያበራል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና በቆሎ ሁሉም የሣር ወገን ናቸው፤ በ2013 እና በ2014 በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ ሲያጠፋው ያየ ገበሬ፣ «የሣር ሞት» ስለ ሰው ጠባይ ቢሳሳትም አንድ ዝርያ ላይ ተደግፎ መኖር ምን እንደሆነ በመናገሩ አልተሳሳተም ይላል። የክፉ ቀንም ታሪክ ቢሆን የሚያሳየው የስቱዋርትን ነገር ነው፤ በሬ ሲጠፋ የጠፋው ከብት ብቻ ሳይሆን በበሬ የቆመው የኑሮ ሥርዓት ሁሉ ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ያን የከብት በሽታ ከምድር ያጠፋው ግን ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ያዘጋጀው ክትባት፣ ቀጥሎም ሙቀት የሚቋቋመውን ክትባት ይዘው በአፋር በረሃ ከመንጋ ወደ መንጋ የሄዱ የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ናቸው። በሽታው ፈጽሞ መጥፋቱ በ2011 ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው። ዘርፉ የመዓትን መምጣት አብዝቶ ሲጽፍ መዓትን ማስቆም የሚችለውን አድካሚ ሥራ ለመተረክ የደከመው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህም የዘርፉ ትልቁ ጉድለት ነው።

አድናቂ፦ ጉድለቱ እውነት ነው። ሆኖም ከድሉ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድሞ ያነሣው ያው ዘርፍ ነው። ዛሬ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የሚወጣ ወጣት ደስታን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ የሚያስታውሱት መምህራንም ያልፋሉ። ከቤተ ሙከራ ቢያመልጥ ማን ለይቶ ያውቀዋል? ቧንቧው ሲከፈት ውኃ ከወረደ ምንጩን ማን ሄዶ ያየዋል?

ተጠራጣሪ፦ ያን ጥያቄ የመለሰው ደራሲ አይደለም፤ ተቋም ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የቀረውን ቫይረስና ክትባት የሚያስቀምጡ ጥቂት ማዕከላትን መርጠው ፈቃድ ሰጥተዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።